የአባባ መስኮት

…ከደጋው ከኦቾሎ ይዘነው ስንወርድ አባባ አውቶቡስ ውስጥ «መስኮቱን ዝጉ፣ ብርድ ይመታኛል» እያለ ከሰው ሁሉ ሲጣላ፣ እኔና አንቺ እንዴት እንደሳቅን ትዝ ይልሻል? ይቅርታ ሰብልዬ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም ጀመርኩ። እንዴት ከረምሽ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን።

ዘንድሮ እዚህ ቆላው የሲቀላ ሙቀት ሌላ ነው፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ሌሊትም አይበርድም። ጎረቤታችን ጋሽ አጵሎስ ተቀበሩ። ሰው «ብርድ መታቸው» ይላል። በዚህ ሙቀት፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የትኛው ብርድ እንዳገኛቸው የሚነግረኝ ግን አጣሁ።

አባባም ይህን ሰምቶ መስኮቱን በጨርቅ ጠቀጠቀው። ስከፍተው «ልትቀብሪኝ ቸኮልሽ?» ይለኛል። ትናንት ላብ አጥምቆት ነበር። ዛሬ ግንባሩን ስነካው ደረቅ ነው፤ እጄን ግን አቃጠለኝ። «አየሽ፣ ላቡ ተወኝ፤ ተሻለኝ» አለ።

ውሃ ልቀዳለት ወጥቼ ነው ይህን የምጨርሰው። ልጆቹን ሳሚልኝ። ከቻልሽ ቶሎ ነይ፤ ጌታ መንገድሽን ያቅናው።

አሁን አባባ በሩን ከውስጥ ሲቀረቅረው ሰማሁ።