የተመለሰው ቀለበት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ሦስት ዕቃ ተላከ፣ አንድ ተመለሰ። እህቴ የጆሮ ጌጦቹን ፎቶ ስታነሳ እኔ ሽቦ ሳጣምም ዋልኩ። የአውራ ጣቴ ቆዳ እንደገና ተላጠ።

የተመለሰው ኦፓል የሚባለው ድንጋይ ያለበት ቀለበት ነው፤ ፀጉር ቤት የምትሠራው ሴት የገዛችው። በላስቲክ አጥብቃ ጠቅልላዋለች። ከላይ ወረቀት አለው፦ «እህቴ፣ የድንጋዩ እሳት ጠፋብኝ። ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። እባክሽ እዪልኝ።»

ፈታሁት። ቀለበቱ የኔ ነው፣ ያጣመምኩት ሽቦ አይጠፋኝም። ድንጋዩ ግን... ስሸጠው ውስጡ ቀይና አረንጓዴ ይንቦገቦግ ነበር። አሁን እንደ ጠርሙስ ስባሪ ወዲያ ማዶ ያሳያል።

እህቴ አንዴ አየችውና «ለውጣዋለች» አለች።
«ምን ልትሆን ትለውጠዋለች?»
«እትዬ፣ አንቺ እኮ ጅብ በግ ልጠብቅልሽ ቢልሽ ምሳ ትቋጥሪለታለሽ።»

ሳቅሁ። ግን ገባኝ... ወይም የገባኝ መሰለኝ። ቀለበቱን መልሼ በላስቲኩ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ጻፍኩላት። «ይህ የኔ ድንጋይ አይደለም። ጠርሙስሽን ወስደሽ የኔን መልሺ።» እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። መጻፍ ግን ይቀላል፣ ዓይን አያይም።

ወዲያው መለሰች፦ «በልጆቼ አልነካሁትም።»

ሻጮች በስልክ የምንገናኝበት ቡድን አለ፤ ዕቃ ገዝቶ አበላሽቶ የሚመልስ ሰው ሲገኝ እንጠቋቆምበታለን። «ተጠንቀቁ፣ ድንጋይ ለውጣ ትመልሳለች» ብዬ ስሟን ለጠፍኩ። ቃሉን ያቀበለችኝ እህቴ ናት። የላከው ግን የኔ ጣት ነው።

ቀለበቱን የገዛችው ሴትም እዚያው ቡድን ውስጥ ራሷ የምትሠራውን የፀጉር ቅባት ትሸጥ ነበር። ሳይመሽ አስወጧት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
«እባክሽ እዪልኝ» ነበር ያለችው። ሌባ እዪልኝ ይላል?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ቀለበቱን አውጥቼ በማጉያ መነጽር አየሁት። ድንጋዩ ከተያዘበት ተነቅሎ ቢሆን በያዙት የሽቦ ጥፍሮች ላይ የመቆንጠጫ ጭረት ይኖር ነበር። የለም። ለእህቴ አልነገርኳትም። ላስቲኩን ጥዬ ቀለበቱን መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ ተውኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
ጠረጴዛውን ስወለውል አንዲት ቀይ ነጥብ ብልጭ አለችብኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ። እሳቱ ከዳር ጀምሮ እየተመለሰ ነው።

ድንጋይ የምገዛው ከጠራቢ ነው፤ እሱ ጋ ደወልኩ።
«ጋሼ፣ ኦፓል ጠፍቶ ይመለሳል እንዴ?»
«ይሄኛው ዓይነት ውኃ ይጠጣል እኮ። ሲጠጣ እሳቱ ይደበቃል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። በላስቲክ ካፈንሽው ደግሞ አይደርቅም። አታውቂም?»
«አልነገሩኝም።»
«አልጠየቅሽኝማ።»

እውነቱን ነው። ሙያውን የለቃቀምኩት ከየቪዲዮው፣ ከየሰው ወሬ ነው። ይህች ሳትለቀም ቀርታለች። ባለማወቄ ብቻ አልወቀስም ነበር። አላውቅም ማለት ሲገባኝ ሰው ሌባ አልኩ... እሷ ቀኑን ሙሉ የሰው ራስ ስታጥብ የምትውል ሴት ናት። እጇ መቼ ይደርቃል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ለእህቴ ነገርኳት። ድንጋዩን አገላብጣ አየችውና መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ገንዘቧን መልሺላት፣ በግል ይቅርታ በያት፣ በቃ» አለች።
«ሌባ ያልኳት በግል ነው?»
«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ እትዬ። አሁን ብትጮሂ የሚወርደው የኛ ስም ነው። ድንጋይ ሻጭዋ ድንጋይ አታውቅም ይሉሻል።»
«አላውቅማ።»
«እኔስ? የማበላቸው ልጆች የሉኝም?»

ልጆቿን እኔም እወዳቸዋለሁ። ያቺኛዋም «በልጆቼ» ነው ያለችው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
ለጠፍኩት። በቡድኑም ዕቃ በምንሸጥበት ገጻችንም፣ ከነፎቶው። «ድንጋዩ የራሴው ነው። አልለወጠችውም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» እህቴ አልከለከለችኝም፤ ግን አላነጋገረችኝም።

ሁለት ደንበኞች ትዕዛዛቸውን ሰረዙ። አንዷ «ስንቱን እንዲህ ብለሽ ይሆን?» አለችኝ። ማንንም... ግን ማን ያምናል? እሷስ ስትምል መች አመንኳት?

ቡድኑ መልሶ አስገባት። እሷ ግን ምንም አልጻፈችም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16
ፀጉር ቤቱ ድረስ ሄድኩ። እጇ አረፋ ውስጥ ነው።
«ማን ልበል?»
«ቀለበቱን የሸጥኩልሽ ነኝ።»
ቀና ብላ አላየችኝም። «ቆዪ፣ ሰው እያጠብኩ ነው።»

ጥግ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ከወሬያቸው ቀዝቀዝ አሉ። አጥባ ጨረሰች፣ ፀጉሩን ጠቀለለች፣ ወለሉን ጠረገች። እንደ ዳኛ ነው የጠበቅኋት። መጣች፣ እጇን በፎጣ እያደረቀች። «በድዬሻለሁ» ብቻ አልኩ።

«አይቻለሁ፣ የጻፍሽውን።» የቀለበቱን ገንዘብ ስመልስላት ተቀበለች። ቀለበቱን ስዘረጋላት እጇን ሰበሰበች። «እሱን ያዢው።»

«ቅባቱ... ሰዎች መግዛት ጀመሩ?»
«ጀምረዋል። አሁን ግን ከፍተው አሽትተው ነው የሚገዙኝ። ድሮ አያሸቱም ነበር።»

እንደ ስድብ አላለችውም፣ እንደ ዜና ነው የነገረችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የሚቀጥለዋ ሴት ራሷን ገንዳው ላይ አስደግፋ ነበር፣ ወደ እሷ ሄደች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3
ዛሬ አምስት ዕቃ ላክን። እህቴ ተመልሳ መቀለድ ጀምራለች፣ ገዢዎችን በጥያቄ ስለማደክማቸው «መርማሪዋ» ትለኛለች። እጅሽ ምን ሲሠራ ይውላል? ውኃ ይነካል? ሳሙና? ሁሉንም እጠይቃለሁ። የተመለሰ ዕቃ ሲመጣም ሳልፈታው በፊት እደውላለሁ፣ ምን እንደሆነ ይነግሩኛል፣ እሰማለሁ።

ከሰዓት በኋላ መልእክት ገባ። የፀጉር ቤቷ ሴት ናት።
«ውኃ የማይለውጠው ድንጋይ አለሽ?»
«አለኝ። አጌት የሚባል ቡናማ ድንጋይ። እኔው ሠርቼ በነጻ ልላክልሽ፣ እባክሽ።»

ሻይዬ ቀዘቀዘ።

«ሙሉ ዋጋውን ነው የምከፍለው» አለች። «ካልሆነልኝ እመልሰዋለሁ።»

ዋጋውን ጻፍኩላት።