በበሩ መቃን ላይ ያለው ጭረት

ኬሊስ ክሮሲንግ፣ ሰኞ ኦገስት 11

ለግሌኒስ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ እንዳለሁ አለሁ፤ ጉልበቴን ብርዱ ይጠዘጥዘኛል እንጂ ሌላው ደህና ነው። እህትሽ ኮራል መቼም ደስ ብሏታል። "ቱዉምባ ከተማ ተራራ ላይ ናት፣ እዚህ ውሃ አይደርስም" እያለች በየቁርሱ ስትነግርሽ ከዚህ ይሰማኛል። ሰላም በይልኝ። ካልፈለግሽም ተይው።

ስልክ አላነሳ ብትይኝ ነው ደብዳቤ መጻፌ። "የጎርፍ ኢንሹራንስ ካልገባህ እዚያ ቤት እግሬ አይረግጥም" ብለሽ ከሄድሽ ይኸው አምስት ወር። ቅጹ መጥቷል። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሰነበተ፤ ሁለት ሳጥን ላይ የተጋደመ በር ጠረጴዛ ከተባለ። እስከ ዓርብ መልስ ብለውኛል።

ከጎርፉ በፊትም ቅጹ ይኸው ነበር። ዝናብ በጣራ ከገባ ይከፍላሉ፤ ወንዙ በበር ከገባ ግን ለብቻው ካልገዛሽው ዞር ብለውም አያዩሽም። ዋጋውን ሳይ ደሜ ፈላና ያቺን የጎርፍ መስመር በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኳት። አጠገቤ ድንች እየላጥሽ ነበር። "ኔቭ፣ ተው" አልሽኝ። እኔም መቃኑ ላይ ያለውን ጭረት አሳየሁሽ።

ወይ ጭረት! አያቴ ጎርፉ የደረሰበትን ልክ በቢላዋ ጭረው ከጎኑ 1954 ብለው የጻፉበት። እዚህ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የቤቱን ጭረት አይቶ አይደል ኢንሹራንስ የሚገባውም የሚተወውም? "በአያቴ ዘመን የመጣው ትልቁ ጎርፍ የደረሰው ቁርጭምጭሚት ድረስ ነው። ለእግር መታጠቢያ ውሃ ኢንሹራንስ ልግዛ?" ብዬ ሳቅሁ። አንቺ አልሳቅሽም።

በማርች ውሃው ጭረቱን ከቁብም ሳይቆጥረው አለፈ። ጎህ ሲቀድ ጣራው ላይ ተቃቅፈን ተቀምጠን ነበር። ጎረቤታችን ዳሬል በትንሿ ጀልባው ደርሶ ባያወርደን ኖሮ ዛሬ ማን ለማን ይጽፍ ነበር? የእናትሽን የስፌት መኪና ከጭቃ ውስጥ ስናወጣው በቀሚስሽ ጫፍ ጠረግሽው። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ የኢንሹራንስ ኩባንያው ሰውዬ ጭቃ ነክቶት በማያውቅ ቦቲ መጣ። "ይሄ ጎርፍ ነው አቶ ኔቪል፤ ጎርፍን ደግሞ እርስዎ ራስዎ ሰርዘዋል" ብሎ የገዛ ቀይ መስመሬን አሳየኝ። አንቺም በማግስቱ ሻንጣሽን ያዝሽ።

ባለፈው ሳምንት ዳሬል መቃኑን ሊያጥብልኝ መጥቶ ሲፈትገው ጭረቱ ከጭቃው ስር ብቅ አለ።

"አንተ ሽማግሌ፣ ይሄን የት ነው የጫሩት?" አለኝ።

"እዚሁ ነዋ! ዓይንህ የት ነው ያለው?"

"የምን እዚህ? ይሄ የእንጨት ቤት እኮ ላይኛው መንገድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ነበር። አባትህ ሳያፈርሰው እንዳለ በከባድ መኪና ጭኖ ሲያወርደው እንዲያልፍ የመብራቱን ሽቦ ከፍ አድርጌ የያዝኩለት እኔ አይደለሁም እንዴ!"

ቁጭ አልኩ። አባቴ ርካሽ መሬት አገኘሁ ብሎ ቤቱን ቁልቁል ሲያወርደው ጭረቱም አብሮ ወረደ። ላይ ቁርጭምጭሚት የሆነ ውሃ እዚህ ታች ጣራ ነው። ቤቱ ተጭኖ መምጣቱን ማን ያጣዋል? ጭረቱ አብሮ መምጣቱ ነው በዚህ ድፍን ጭንቅላቴ ያልገባው። አርባ ዓመት ሙሉ የኮረብታ ጭረት ይዤ ረግረግ ላይ ስፎክር ኖርኩ።

አንቺ ግን ገብቶሽ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት በገና ምሳ ላይ፣ ኮራልና ባሏ ባሉበት፣ ሥጋውን እየቆረጥኩ ስለ ጭረቱ ስደነፋ፣ "ኔቭ፣ ያኔ እኮ ቤቱ ላይኛው መንገድ ነበር" አልሽ። ቀስ ብለሽ ነው ያልሽው። እኔም "አንቺ የቀሚስ ጠርዝሽን ለኪ፤ ወንዙን ለእኔ ተይው" አልኩሽ። ሁሉም ሳቀ። አንቺም ተነስተሽ ሳህን መሰብሰብ ጀመርሽ። ይኸው ከዳሬል ወሬ ወዲህ ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እኔንስ ይምከረኝ፤ አንቺን ምን አድርገሽ ነው አብሮ የመከረሽ?

ዋጋው አሁን ከድሮው አራት እጥፍ ሆኗል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በይኝ፣ ይገባኛል። ላይኛው መንገድ ቆመው የተረፉትን ጀልባዬንና በመኪና የምትጎተተውን ተሳቢ ቤታችንን ሸጬ የጎርፉን መስመር ሳልሰርዝ ፈርሜያለሁ። ግን መጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ "ቤቱ ለጎርፍ የተጋለጠ መሆኑን ከዚህ ቀደም የነገረዎት ሰው አለ? ማን? መቼ?" ይላል። ዳሬል ከትከሻዬ በላይ አንብቦ፣ "የለም በል! አለ ካልክ እያወቀ ነው የሰረዘው ብለው አይቀበሉህም፤ ካልተቀበሉህ ደግሞ ግሌኒስ አትመጣም፤ አበቃ" አለኝ። እውነቱን ነው።

የጻፍኩትን ቃል በቃል ልንገርሽ። "አለ። ባለቤቴ። በገና ምሳ ላይ፣ ሰው ፊት ነግራኛለች። ዝም አሰኘኋት።"

ዛሬ ጠዋት ፖስታ ቤት አስገብቼዋለሁ። እምቢ ሊሉኝ ይችላሉ፤ እምቢ ካሉ አንቺም በሄድሽበት እንደምትቀሪ አውቃለሁ። "የለም" ብዬ አፍሽን ሁለተኛ ጊዜ መዝጋት ግን አቃተኝ።

እግዜር ጤናሽን ይጠብቅልሽ፤ ያለሽበትን ደረቅ ያድርግልሽ።

ኔቪል