ለአባባ በድብቅ ያሞቅኩት ወተት

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

የምወድሽ እማዬ፣

እንዴት ከርመሻል? የምትሠሪበት ቤት ደረጃው ብዙ ነው ስላልሽኝ ጉልበትሽ ያሳስበኛል። እኛ ደህና ነን። በስልክ ስታናግሪኝ ሰው አጠገቤ ስለሚኖር ምላሴ ይተሳሰራል፤ ስለዚህ ስለ አባባ በወረቀት ልንገርሽ።

ወንድሜ ሚስቱን ይዞ እኛ ቤት ከገባ ሦስት ወር ሆነው። ጥሩ ሰው ናት። ሁሉም እንደዚያ ይላል፤ ይኸው እኔም ጻፍኩት። ግን በገባች በሳምንቷ ማማሰያውን ከእጄ ወሰደችው። አንቺ ስትሄጂ «አባትሽን አደራ፣ ሆዱን የምታውቂው አንቺ ነሽ» ብለሽኝ አልነበር?

የአባባ ቃር ብሶበት ነበር። ምሳውን በልቶ ወዲያው ጫማ ሊሰፋ ጎንበስ ሲል እሳት የመሰለ ነገር ጉሮሮው ድረስ ይመጣበታል። ሐኪሙ «ጉሮሮዎ መቁሰል ጀምሯል፤ አበላልዎን ካልቀየሩ መድኃኒቱ ብቻውን አያድንዎትም» አለው። አብራው የሄደችው እሷ ናት። እኔ ሰው ፊት አፌ አይከፈትም ብለው ተውኝ።

ከዚያ ወዲያ ማድ ቤቱ የእሷ ሆነ። ቃሪያ የለ፣ ቲማቲም የለ፣ ጥብስ የለ። የተቀቀለ ድንች፣ አጃ፣ ቆዳው የተገፈፈ ዶሮ። ትልቁን ሳህን አንስታ በትንሿ ታቀርብለታለች፣ በቀን አምስት ጊዜ። ሲበላም ወንበሩን ከሥራ ጠረጴዛው ታርቀዋለች።

«አባባ፣ ጫማው አይሸሽም፤ ትንሽ ቀና ብለው ይቀመጡ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ነገ ደግሞ ልታጥቢኝ ነው?» ይላታል እየሳቀ።

ከእኔ ጋር እንደዚያ ስቆ አያውቅም። ወንድሜ «ሐኪሟ» የሚል ስም አወጣላት። እኔ አራት ዓመት ሳበስል ማንም ስም አላወጣልኝም። በልቤ «ጨው የሌላት ሰው፣ ጨው የሌለው ምግብ» እላለሁ።

በእጄ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንቺ ያስተማርሽኝ የመኝታ ወተት። «ወተት ቃር ያበርዳል» ትይ ነበር፣ አባባም ሲጠጣው እፎይ ይላል። እሷ ግን «ከመተኛታቸው በፊት ለሦስት ሰዓት ምንም እንዳይቀምሱ ተብሏል፤ ወተቱም የሚያበርደው ለጊዜው ነው እንጂ ቆይቶ ቃሩን ያስነሳባቸዋል» ብላ ከለከለች። በእኔ ቀንታ ነው አልኩ። እሷ በእኔ! ስለዚህ ወተቱን እያሞቅኩ፣ በሹራቤ ሸፍኜ፣ ሊተኛ ሲል እሰጠው ጀመር። ጠጥቶ ብርጭቆውን ሲመልስልኝ «ተባረኪ፣ የኔ ጭምት» ይለኛል። ለዚህች ቃል ስል ቀኑን ሙሉ እጠብቃለሁ።

አባባ ቀን ደህና ይውልና ጠዋት ድምፁ ሻክሮ፣ አፉ መሮት ይነሳል። ሐኪሟ ግራ ገባት። አጃውን ለወጠች፣ ዘይቱን ጨርሳ ተወች፣ የአልጋውን ራስጌ በጡብ ከፍ አደረገች። እኔ፣ እማዬ አትጥይኝ፣ አልሳካላት ሲል ደስ ይለኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ጓሮ ልብስ ሳጥብ ስታለቅስ ሰማኋት። ወንድሜን «አባትህን የምጎዳው እኔ ሳልሆን አልቀርም» ትለዋለች።

እሁድ ጠዋት አባባ ብቻውን ሆኖ ሶል ሲያጣብቅ ገባሁ።

«አባባ፣ የሚያሳምምህ ወተቱ ነው?»

«አውቃለሁ» አለኝ፣ ከሥራው ቀና ሳይል።

«ታዲያ ለምን ትጠጣዋለህ?»

«አንቺ ይዘሽው ስትመጪ እንዴት እምቢ ልበል? ሌላ ጊዜ እኮ አጠገቤ ድርሽ አትይም።»

በዚያው ሄጄ ለሐኪሟ ነገርኳት። ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ምስኪኑን ድንች ስረግም!» አለችና ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች። ሳቋ ራሱ ያስቀናል።

ይህ ከሆነ ሁለት ሳምንት አለፈው። ትናንት አባባ ደንበኛ ሲጣራ ድምፁ እስከ ጎዳናው ማዶ ተሰማ። እኔም ከምሳ በኋላ ባዶ እጄን ሄጄ አጠገቡ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ የምለው ጠፍቶኝ ነበር፤ አሁን እሱ ያወራል፣ እኔ ሚስማር እለይለታለሁ።

ልጽፍልሽ እንደሆነ ስነግራት ሐኪሟ ምን አለችኝ መሰለሽ? «አንቺ ነሽ ያዳንሽው ብለሽ ጻፊላት። እናት አይደለች? በልጇ እጅ ሲሆን ደስ ይላታል።» እንደዚያ ብዬ ጻፍኩት። ያምር ነበር። ሁለቴ አንብቤ ቀደድኩት።

ያዳነችው እሷ ናት፣ እማዬ።

የሄድሽበት ይቅናሽ፣ ክፉ አይንካሽ፣ ሳንጎድል ያገናኘን። ስትደውዪ እሷን አመስግኛት። ግን ብዙ አታመስግኛት።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ
ጭምቷ