ሁለቱም እግሮቼ መሬት ነኩ

ጌታነህ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ያለ አንተ የዘራሁት ሁለተኛው ሰሊጥ ትናንት ታጭዶ አለቀ፤ ዛሬ እጄ ሲያርፍ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የምነግርህን ስትሰማ እንዳትቀየመኝ። ያን ትልቁን ሞተር ሳይክልህን ለወጥኩት።

አንተ እንደሄድክ ወንድምህ አድማሱ፣ «ሞተሩን ሽጪው፤ መሬቱንም ለእኩል አራሽ ስጪና አንቺ አርፈሽ ቤትሽ ተቀመጪ» አለኝ። እምቢ አልኩ። ኮኪት ከተማ ዳር ካለው ባዶ ማሳ ላይ መንዳት ያስተማርከኝ፣ በእግር ጣቴ ጫፍ ቆሜ ስንገዳገድ በሳቅ የፈረስከው በዚያው ሞተር አልነበር? እሱን ከሰጠሁ አንተን ሁለተኛ የምቀብርህ መሰለኝ። ስለዚህ ወገቤ እየተቆረጠ፣ በቆምኩ ቁጥር በየት በኩል ልወድቅ ይሆን እያልኩ ዓመት ሙሉ ነዳሁት።

አንድ ቀን በሽንፋ መንገድ ጠጠር አንሸራተተኝና ሞተሩ ላዬ ላይ ወደቀ። ጭስ ማውጫው ባቴን እያቃጠለኝ ላነሳው ብታገል ንቅንቅ አላለም። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ደርሶ ነው ያወጣኝ። እውነቱን ልንገርህ፤ እዚያ ተጋድሜ በአንተ ተናደድኩ። ይህን የሚያህል ብረት ለምን ትተህልኝ ሄድክ ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ደግሞ በራሴ አፈርኩ። አንተ ምን አደረግክ? የሙጥኝ ብዬ የያዝኩት እኔው ነኝ።

ቁስሌ ሲደርቅ ከአንድ ረጅም መምህር ጋር ገበያ ላይ ሞተር ተለዋወጥን። የእሱ ትንሽ ናት፤ ቀይ፣ ወንበሯ ዝቅ ያለና ለስላሳ። የወጣሁባት ዕለት ሁለቱም እግሮቼ መሬት ነኩ። ጌታነህ፣ ከገበያው እስከ ቤት ብቻዬን እየሳቅኩ ነው የደረስኩት! ወገቤን ረሳሁት። መሪውን አንቄ መያዜን ተውኩ። ግራና ቀኝ ያለውን ማሽላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ በትልቁ ላይ ሳለሁ ዓይኔ ከጎማው ፊት ተነስቶ አያውቅም ነበር።

ዘንድሮ የደረሰው ሰሊጥ ሊረግፍ ሲል ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ከወሎ የመጡት አጫጆች ውሃና ስንቅ አልቆባቸው፣ «እስከ ቀትር ካልደረሽልን ወደ ሌላ እርሻ እንሄዳለን» ብለው ደወሉ። መንገዱ ዋልካ ጭቃ ሆኗል። ሁለት ጀሪካን ውሃና ዱቄት ጭኜ ወጣሁ። አድማሱን ትራክተሩ ሰምጦበት ቆሞ አገኘሁት። እኔ በጎኑ ባለችው የእግር መንገድ አለፍኩ። ሁለት ጊዜ ጭቃው ያዘኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጭነቱን አውርጄ በገዛ እጄ ጎትቼ አወጣኋት። ቀትር ሳይሆን ደረስኩ። አጫጆቹ ማጭዳቸውን ወደ ላይ አንስተው እየጮኹ ተቀበሉኝ። ሰሊጣችን ሳይረግፍ ታጨደልህ!

አድማሱ በማግስቱ ቤት ድረስ መጣ። ሞተሯን ዞሮ ዞሮ አያትና፣ «እስቲ ሚስቴንም መንዳት አስተምሪልኝ» አለኝ። ከፊታችን እሁድ እንጀምራለን።

ሆዴ፣ አልረሳህም። ወደ እርሻ የምሄድበት መንገድ አንተ ባረፍክበት ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነው የሚያልፈው። እዚያ ስደርስ ፍጥነቴን ቀንሼ ስምህን እጠራለሁ፤ የዘሩንም የአጨዳውንም ወሬ እነግርሃለሁ። እግዜር ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ እንዲሁ አደርጋለሁ። ድምፄ ከፍ ካለብህ፣ ደስ ብሎኛል ማለት ነው።

ያንተዋ ስንዱ