ብረቱ ላይ የጠቀለልኩት ጎማ

ታኅሣሥ 25፣ ቡታጅራ
አዲሱ ፓምፕ አንበሳ ነው። ከትልቁ ጋን ወደ በርሜል የቀለም ማቅጠኛ ቲነር ሲገፋ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የቀለም ፋብሪካችን ባለቤት አቶ ዘመድኩን ደስ ብሎት ሲንጎራደድ ዋለ።
ቲነር የምትቀዳው መሕቡባ ግን፣ "ጋሽ ተካ፣ ብረቱ ይቆነጥጠኛል" አለችኝ። የመቅጃው ጎማ ጫፍ ላይ ያለው የብረት አፍ ማለቷ ነው። ነካሁት... እውነትም ጠቅ አደረገኝ። የኤሌክትሪክ መስመር ችግር መስሎኝ ፓምፑን ፈታትቼ አየሁ። ምንም የለም። በጋ ነው፣ ደረቅ ነው... ሹራብ ስታወልቂም ይንጣጣ የለም ወይ አልኳት።

ጥር 1
መላ አገኘሁ! የድሮ የመኪና ካላማዳሪያ ጎማ ቆርጬ፣ ጫፉ ብቻ ሲቀር ብረቱን ጠቀለልኩላት። "አልቆነጠጠኝም ጋሼ! አላህ ዕድሜ ይስጥህ" አለች። ሃያ ሁለት ዓመት መካኒክ የሆንኩት በከንቱ አይደለም።

ጥር 12
ከጥምቀት በኋላ ትዕዛዝ ጎረፈ። ሥራ ብቻ።

ጥር 14
መሕቡባ ተቃጠለች።
በርሜሉ ሊሞላ ሲል ነው አሉ። ቷ የምትል ትንሽ ድምፅ፣ ከዚያ እሳት። ሁለት እጇ፣ አንገቷ... በአሸዋ አጠፋነው። ሆስፒታል እስክንደርስ፣ "ጋሼ፣ እኔ ምንም አልነካሁም" ትለኝ ነበር።

ጥር 17
ዘመድኩን ሰበሰበን። "ሞባይል ስትነካካ ነው" አለ። ማን አየ? ማንም። ሞባይሏ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ነበር፤ ከዚያ አውጥቼ ለእናቷ የሰጠሁት ራሴ ነኝ። ታዲያ ለምን ዝም አልኩ? ፈራሁ። ሌላ ምን አለው።

ጥር 19
የቴክኒክ ኮሌጅ አስተማሪ የሆነውን ጎረቤቴን ሱራፌልን ጠየቅኩት። ባልጠይቀው ይሻለኝ ነበር።
እንዲህ ያለ ፈሳሽ በጎማ ውስጥ ሲሮጥ ኤሌክትሪክ ይሰበስባል አለኝ። ብረቱና በርሜሉ በሽቦ ተያይዘው መሬት ካልነኩ መውጫ ያጣል።
"በፊት በልጅቷ እጅ በኩል ትንሽ ትንሽ ይወጣ ነበር። ሲዘጋበት ተጠራቀመና ወደ በርሜሉ ዘሎ ትነቱን አቀጣጠለ። መቆንጠጡ እኮ ማስጠንቀቂያ ነበር።"
ማን እንደዘጋው አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።
ሁለት ሜትር ሽቦ ይበቃ ነበር... መደርደሪያዬ ላይ ሙሉ ጥቅል አለ።

ጥር 23
ለመሕቡባ ልነግራት ሆስፒታል ሄድኩ። እናቷ ሃሊማ ከእንሴኖ ከመጣች ጀምሮ አጠገቧ ናት። ሁሉንም ተናዘዝኩ። ለፖሊስም እናገራለሁ አልኩ። እናቷ አለቀሰች።
"ተው ጋሼ" አለች መሕቡባ። "ተፈርሟል።"
"ምን ተብሎ?"
"ሞባይል ይዤ ነበር ተብሎ። አቶ ዘመድኩን ከፈረምሽ የሕክምናውን ወጪ እችላለሁ አለኝ። አሁን ብትናገር እጁን ይሰበስባል። ገና ቆዳ መቀየር አለ።"
"በየትኛው እጅሽ ፈረምሽ?"
"እማዬ ናት ጣቷን ያሳረፈችልኝ።"
ልወጣ ስል፣ "ለእኔ ብለህ እኮ ነው" አለችኝ። ምነው በሰደበችኝ!

የካቲት 2
ብረቱ ላይ የጠቀለልኩትን ጎማ ቀድጄ ጣልኩት። ብረቱን ከበርሜሉ፣ በርሜሉን ከመሬት በሽቦ አሰርኩ። ከምሳ ስመለስ ሽቦው የለም። "ያደናቅፋል" አለ ዘመድኩን። "ደግሞ በሞባይል ለተነሳ እሳት ሽቦ ምን ያደርጋል?" እውነቱን ብናገር የምትከፍለው መሕቡባ ናት።

የካቲት 5
በመሕቡባ ቦታ አዲስ ልጅ መጣች፤ ፈቲሀ ትባላለች። የመቅጃውን ጎማ ስታነሳ ነጠቅኳት። ደነገጠች። ለዘመድኩን ከእንግዲህ የምቀዳው እኔ ነኝ አልኩት።
"መካኒክነቱስ?"
"ሌላ ፈልግ።"
"ደሞዙ ግማሽ ነው።"
"አውቃለሁ።"
ያበድኩ መስሎት አየኝ። ሽቦዬን እያሰርኩ ቀዳሁ፤ ዘመድኩን ሲመጣ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ፣ ሲሄድ መልሼ አሰርኩ። በርሜሉ ሊሞላ ሲል የሽቦውን ቋጠሮ ደግሜ አያለሁ። ዛሬ አሥራ ሰባት በርሜል ሞላሁ፣ ምንም አልሆነም። ለመሕቡባ ግን አንዱም አልረባትም።