መሳቢያ የገባው መስሚያ

ይድረስ ድምፁን ለናፈቅኩት አባቴ፤

አባባ፣ እንዴት ከረሙ? ወገብዎስ? ጉልበትዎ ደረጃውን እሺ ይላል? እናቴ፣ እህቴ፣ ያ አመለኛ ድመትዎ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። ስለ ጆሮዎ ግን አልጠይቅም፤ «ልጄ፣ መስሚያው ግሩም ነው፣ ዝንብ ሲያልፍ እሰማለሁ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

አባባ፣ ተደርሶብዎታል። የላክሁልዎ የጆሮ መስሚያ መሳቢያ ውስጥ ከመፍቻዎችዎ ጋር ተኝቷል አሉ። እህቴን እንዳይቆጧት፤ መውጫ መግቢያ አሳጥቼ ያናዘዝኳት እኔ ነኝ።

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ አድበስብሼ አልፍ ነበር። መስሚያውን የሚሠራው ድርጅት፣ የወሰዱትን ሰዎች ቤታቸው እየሄድኩ እንድጠይቅ ነው የቀጠረኝ። አንዴ ጠይቆ መሄድ የለም፤ በሳምንቱ፣ በወሩ፣ በመንፈቁ እመለሳለሁ። እርሳስ እሰጣቸውና ደስ ያላቸውን ጊዜ ወደ ላይ፣ የመረራቸውን ወደ ታች አድርገው አንድ መስመር ይስሉልኛል። የብዙ ሰው መስመር ሲደራረብ አንድ መልክ ያወጣል። መጀመሪያ ምርቃት ብቻ ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቁልቁል ነው፤ ማንኪያው ይጮኻል፣ የገዛ ራስ ማኘክ እንኳ ጭንቅላት ይበጠብጣል። ያኔ ወደ መሳቢያ! ታግሰው ያስተካከሉት ግን ቀስ እያሉ ከመጀመሪያው ቀን በላይ ይወጣሉ። ኧረ ለመሆኑ ጋራዥ ሳሉ «የተጠገነ መኪና ዕለቱን አይመሰገንም፤ ወር ንዳውና መጥተህ ትሰድበኛለህ ወይ ትመርቀኛለህ» የሚሉት እርስዎ አልነበሩም?

በቀደም አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ቤት ሄድኩ። ምራታቸው በሩን ስትከፍትልኝ፣ እሳቸው መስሚያውን ከስኳር ጣሳ አውጥተው ሲሰኩ አየኋቸው። «ተባረኪ፣ እንደ ልጅነቴ እሰማለሁ» አሉኝ። ከኋላቸው ሆኜ ብጠራቸው ዘወር እንኳ አላሉም፤ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል። እኔን ላለማስቀየም ነው፣ ይሉኝታ። እርስዎ ትዝ አሉኝና መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ባለፈው እሁድ በስልክ ትልቅ ነገር ነግሬዎት፣ ለእናቴም ይንገሩልኝ ብዬ ነበር። «አሜን፣ ብርዱን ተጠንቀቂ» አሉኝ። በማግስቱ እህቴን ብጠይቃት ማንም ምንም አልሰማም። ያ የሞተርን ሕመም በድምፁ ብቻ የሚለይ ጆሮ እኔን አልሰማኝም። በጣም ከፋኝ አባባ።

እባክዎ መስሚያውን አያመስግኑልኝ፤ ይስደቡት። በዚህ ወረቀት ጀርባ መስመርዎን ይሳሉና የት ላይ እንደመረረዎት ልወቅ። ጎኑ ላይ ባለችው ቁልፍ ድምፁን ዝቅ አድርገው፣ ጸጥ ባለ ክፍል በቀን ጥቂት ጥቂት ይልመዱት። እናቴ ስትቆጣ ማውለቅ ይፈቀዳል።

እናቴን ጉንጯን ይሳሙልኝ። እህቴን ስለ አፏ ያመስግኑልኝ፤ ያን ትልቅ ነገር ነግሬያት፣ ይህ ደብዳቤ እስኪደርስ ዝም በይ ያልኳትም እኔ ነኝ። ድመቱንም አንድ ጊዜ ይደባብሱልኝ።

ያልሰሙኝ ነገር ይኸው፦ ፈቃድ አግኝቻለሁ፣ በሚመጣው ወር እመጣለሁ። በሩን ሳንኳኳ ማንም እንዳይከፍትልኝ። እርስዎ እስኪሰሙኝ ውጭ ቆሜ አንኳኳለሁ።

ልጅዎ
ከኪራይ ክፍሌ፣ እሁድ ጠዋት