የደበዘዘውን አዳፕተር አብራው

አንተ ጎረቤቴ፣ ወንድሜ፣

ኮምፒውተርህ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የጫንከው ቨርችዋል ማሽን ኔትወርክ የለኝም ቢልህ አትደንግጥ። ትናንት ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ፣ መቼም የዚህ ሰፈር ኢንተርኔት ያለ እኔ አይድንም፣ ኮምፒውተርህን ከፍቼ ሳይ ሁለት የኔትወርክ አዳፕተር፣ ሁለት የኢንተርኔት መግቢያ፣ አገኘሁ። «አንድ ቤት ሁለት አባወራ ምን ያደርጋል?» አልኩና አንዱን አጠፋሁት።

ለካ የማሽንህ ኖሯል።

ከኔትወርክ ዝርዝሩ የደበዘዘውን አዳፕተር መልሰህ አብራው፤ ከዚያ ማሽኑን ዘግተህ ክፈተው።

ራሴ ላበራው ስል የይለፍ ቃሉን ቀይረሃል። ከማን እንደደበቅከው አልጠይቅም።

ከሰዓት ለሥራ የምትፈተነው በዚሁ ማሽን መሆኑን እህትህ አሁን በስልክ ነገረችኝ። ሺህ ኮምፒውተር ያዳነ እጄ ይኸው የይቅርታ ደብዳቤ ይጽፋል።

እምቢ ካለህ ደውል። ብትሰድበኝም አነሳለሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለፈታኞችህ ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ አንዲት ቃል ሳልጨምር።